ሐኪም ሲጠይቅ ቤተ ሰብ ይናገር

ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው ርስትና ስም ብቻ አይደለም። የዐይኑን ቅርጽ፣ የድምፁን ቃና፣ የአካሄዱን ሁኔታ ጭምር ይወርሳል። አንዳንድ ጊዜም ሳያውቀው ሕመም ይወርሳል። ከሚወረሱት ሕመሞች ብዙዎቹ በሕፃንነት ይገለጣሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ሰውየው አድጎ፣ ተምሮ፣ ሥራና ትዳር ከያዘ በኋላ ብቅ ይላሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ምላስ ይከብዳል፤ እግር እንደ እንጨት ይደርቃል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንናገር ያሰብነው በጉልምስና ስለሚታዩት ስለ እነዚህ የአንጎልና የነርቭ ሕመሞች፣ ደግሞም አንጎልን በሥዕል ስለሚያሳየው መሣሪያ ነው። ነገሩን በመጽሐፍ ካነበብነው ይልቅ በሶባ ካየነው ብንጀምር ለአንባቢዎቻችን የሚቀል ይመስለናል። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሶባ ከካርቱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ ስፍራ ናት። ከጣና የወጣው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በእርስዋ በኩል ያልፋል። በጥንት ዘመን አልዋ የተባለው የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በዚህ በእኛ ዘመን ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚማሩበት ትልቅ ሐኪም ቤት ስለ ተሠራባት ስሟ ከሕክምና ጋር ተያይዞ ይነሣል።

በ2021 ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ካርቱም ሄደን በሶባ ከአንድ ዘመዳችን ቤት ሰንብተን ነበር። ከዘመዳችን ቤት አጠገብ ከደጋው አገር የመጡ፣ ቋንቋቸው እንደ እኛ ትግርኛ የሆነ፣ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ወንዱ ልጅ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን በአንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይጽፍ ነበር። ታናሽ እኅቱ 16 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ወንድምየው ብዕር መያዝ አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ይተሳሰራል፤ ምራቁን መዋጥ ይቸግረዋል፤ ቀድሞ የማይታወቅበት ቁጣም ይነሣበታል። ከጎረቤት አንዱ «ዛር ነው» ሲል፣ ሌላው «የሰው ዐይን በልቶት ነው» ይል ነበር።

በካርቱም ከነበሩት ሐኪም ቤቶች ወደ አንዱ ሲወስዱት፣ እናቲቱ ዐረብኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ እኛ አስተርጓሚ ሆነን አብረን ገባን። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበሩ። ልጁን በጥንቃቄ ከመረመሩ በኋላ ወደ እናቲቱ ዞረው «ኡሚ» ብለው ጠሩዋቸው፤ ይኸውም በዐረብኛ «እናቴ» ማለት ነው። ቀጥለውም በቤተ ሰባቸው ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወረስ ሕመም እንዳለ ጠየቁ። እኛም ብዙ ሳናስብ የሐኪሙን ጥያቄ፣ «አደይ፣ በዘርዎ በሽታ አለ ወይ?» ብለን ተረጐምነው።

የእናቲቱ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ «ወደይ፣ እኛ ንጹሕ ሰዎች ነን። በዘራችን ቁምጥና የለም፤ ቡዳም የለም፤ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ነው የተዳርነው» አሉን። ለሐኪሙም «የለም ይላሉ» ብለን መለስን። ሐኪሙ የአንጎል ሥዕል እንዲነሣ፣ ደሙና ሽንቱ እንዲመረመር፣ ዐይኑም በዐይን ሐኪም እንዲታይ አዘዙ። ሥዕሉ በዚያው ሳምንት ተነሣ። ለቀረው ምርመራ ግን እናቲቱ አልተመለሱም። «ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ ስለ ዘራችን የሚጠይቅ ሐኪም ምን ያደርግልናል?» አሉ። በዚህ ምክንያት ሁለት ወር አለፈ፤ ልጁም የሸሚዙን ቍልፍ በገዛ እጁ መቈለፍ ተሳነው።

አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናቲቱ ነው ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ጥፋቱ የእኛ የአስተርጓሚው መሆኑን ስናምን ኖረናል። ሐኪሙ የጠየቁት ስለ ሕመም ነበር፤ እኛ ያቀረብነው ግን ስለ ነውር ነው። ለምን እንደዚህ እንደምንል ኋላ እንገልጻለን። አስቀድሞ ግን መሣሪያው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ መናገር ይገባናል።

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኘው በ1895 ነው። ራጅ አጥንትን በደንብ ያሳያል፤ ነገር ግን አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የተሸሸገ ለስላሳ አካል ስለ ሆነ ተራው ራጅ ሊያሳየው አልቻለም። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሐኪም ቤት፣ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የተሠራው ሲቲ ስካን የአንዲትን ሕመምተኛ አንጎል ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል አሳየ። የዚህን መሣሪያ የሒሳብ መሠረት ቀደም ብሎ ያሰበው አለን ኮርማክ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሰው ሲሆን፣ ነገሩን ማጥናት የጀመረውም በኬፕ ታውን ነው። ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኤም አር አይ ራጅን አይጠቀምም። ሰውነታችን በብዛት ውሃ ነው፤ በውሃም ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። መሣሪያው በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ አማካይነት ከዚህ ሃይድሮጅን የሚመለሰውን ምልክት ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። ስለዚህ ሲቲ ስካን የማይለየውን ረቂቅ ለውጥ ኤም አር አይ ብዙ ጊዜ ይለያል። የሚመረመረው ሰው እንደ ዋሻ ባለ ነገር ውስጥ ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቈያል። መሣሪያው ከባድ ድምፅ አለው፤ ሕመም ግን የለውም። ዳሩ ግን ማግኔቱ ብረትን ስለሚስብ፣ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ የተቀበረለት ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። እነሆ፣ ከመሣሪያው በፊት ቃል የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው።

መሣሪያው ይህን ያህል ድንቅ ከሆነ፣ የበሽታውን ስም ራሱ ለምን አይነግረንም? መልሱ አጭር ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው የተጐዳውን ቦታ ነው። ጕዳቱን ያመጣውን ነገር ለማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ይህን በሦስት ሕመሞች ምሳሌነት እንመልከት።

የመጀመሪያው የሀንቲንግተን በሽታ ይባላል። ጆርጅ ሀንቲንግተን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም በ1872 በዝርዝር ጻፈው። ሀንቲንግተን ሕመሙን ሊያውቀው የቻለው፣ አባቱና አያቱም በዚያው አገር ሐኪሞች ስለ ነበሩ፣ የአንዱን ቤተ ሰብ ሕመም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ መከታተል በመቻሉ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ የአንጎል ሥዕል አልነበረም፤ የነበረው የቤተ ሰብ ታሪክ ብቻ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ እጅና እግር ሳይታዘዙ ይወራጫሉ፤ ጠባይና አሳብም ይለወጣል። ከአባት ወይም ከእናት አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው። ይህ በሽታ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በካርቱም በሚኖር በአንድ ሱዳናዊ ቤተ ሰብ ውስጥ መገኘቱ በ1995 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

በሀንቲንግተን በሽታ በአንጎል ውስጥ በጥልቀት ያለ፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል አንድ ክፍል እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ይህም በሥዕል ይታያል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ ሥዕሉ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። እርግጠኛው ነገር የሚታወቀው በ1993 የተገኘውን ዘረ መል በደም በመመርመር ነው። ዘረ መል ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው፣ ሰውነት የሚሠራበት የትእዛዝ ጽሕፈት ነው። የሀንቲንግተንን በሽታ ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ገና ስላልተገኘ፣ ሕመሙ ያልታየበት የቤተ ሰብ አባል ልመርመር ወይስ ልተው የሚለውን ራሱ፣ ዕድሜው ሲደርስ፣ ከተመከረ በኋላ ይወስናል እንጂ ማንም ሊያስገድደው አይገባም።

ሁለተኛው የዊልሰን በሽታ ነው። ሳሙኤል አሌክሳንደር ኪኒር ዊልሰን የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1912 ገለጠው። ሰው ከምግብ ጥቂት መዳብ ያገኛል፤ የተረፈውን ጉበት ወደ ሐሞት ያስወጣዋል። በዊልሰን በሽታ ይህ መውጫ ይበላሻል፤ መዳቡም በመጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በአንጎልና በዐይን ይከማቻል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አንደኛው ልጅ በጉበት፣ ሁለተኛው በመንቀጥቀጥ ሊታመሙ ይችላሉ። የሁለቱም ሕመም አንድ መሆኑን ማንም ላይጠረጥር ይችላል። በኤም አር አይ ሥዕል የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች በቀኝም በግራም ተለውጠው ይታያሉ። አልፎ አልፎም በአንጎል ግንድ ላይ ፓንዳ የሚባለውን የቻይና እንስሳ ፊት የሚመስል ምልክት ይወጣል። በዐይን ብሌን ዙሪያ ደግሞ ቡናማ ቀለበት ይታያል።

ስለዚህ በሽታ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዊልሰን በሽታ መድኃኒት አለው። ጆን ዎልሽ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፔኒሲላሚን የተባለውን መድኃኒት በ1956 አቀረበ፤ ዛሬም ይህና ሌሎች መድኃኒቶች፣ ዚንክም ጭምር፣ ያገለግላሉ። በጊዜው የተጀመረና ዕድሜ ልክ ሳይቋረጥ የተወሰደ እንደ ሆነ ብዙዎች እንደ ሰው ሁሉ ሠርተው ይኖራሉ። በጊዜው ያልተጀመረ እንደ ሆነ ግን ይገድላል። አንድ ልጅ ሲገኝበት እያንዳንዱ ወንድምና እኅት ከአራት አንድ ዕድል ስላለበት፣ ሕመም ባይሰማቸውም ሁሉም ሊመረመሩ ይገባል።

ሦስተኛው እግርን ቀስ በቀስ የሚያደርቅና የሚያከብድ በዘር የሚወረስ ሕመም ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር ሊና ኤልሰይድ፣ ከፈረንሳይ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በሱዳን ቤተ ሰቦች ውስጥ ያለውን የዚህን ሕመም ዓይነት አጥንተዋል። ቀድሞ ያልታወቀ አንድ የዘረ መል ለውጥም አግኝተው ጥናታቸውን በ2017 በታተመ የአውሮፓ የሳይንስ መጽሔት አውጥተዋል። በዚህ ሕመም ሥዕሉ የሚሠራው ሥራ ከቀሩት ሁለቱ ይለያል። ብዙ ጊዜ የአንጎሉ ሥዕል ደኅና ነው። በአንዳንዱ ዓይነት ግን የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያያይዘው ድልድይ ቀጥኖ ይታያል። የጀርባ ሥዕል ደግሞ ሕብለ ሰረሰርን የተጫነ ዕጢ ወይም የአከርካሪ ነቀርሳ አለመኖሩን ያረጋግጣል። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ስለ ሆኑ ሳይታዩ እንዳይቀሩ ማድረግ ታላቅ ጥቅም ነው።

ስለ እግር መድረቅ ካነሣን ዘንድ ዓባይን ተከትለን ወደ ላይ ወደ ጣና እንመለስ። በደምብያና በፎገራ አገር ዝናም ሲጠፋ ገበሬው የሚተርፍለትን ጓያ አብዝቶ ይበላል። ጓያ ሲበዛ ጤነኛ የነበረ ጐልማሳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እግሩ ይደርቃል፤ በዱላም ይሄዳል። ይህን ሕመም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካጠኑት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለ ሃይማኖት ዋነኛው ናቸው። እኚሁ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት ገጠር የነርቭ ሕመሞችን ቤት ለቤት አስቈጥረው ውጤቱን በ1990 አሳትመዋል። እንግዲህ በጣና ዳር በጓያ እግሩ የደረቀውን ሰውና በሶባ ከወላጆቹ ወርሶ እግሩ የደረቀውን ሰው ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው፤ የአንጎላቸውም ሥዕል ሁለቱንም ደኅና አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የሚለያቸው ጥያቄ ነው፤ «ምን በላህ? በቤታችሁ እንዲህ የሚሄድ ሌላ ሰው ነበረ?» የሚለው ጥያቄ።

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ጠሩን። ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ቈይተው፣ ከስድስት ዓመት በፊት በ19 ዓመቷ የሞተች ታላቅ ልጅ እንደ ነበረቻቸው ነገሩን። «ዐይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሆዷም አበጠ፤ የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ሦስት ወር እንኳ አልቈየችም» አሉ። «አደይ፣ ይህን ለሐኪሙ ለምን አልነገሩትም?» ብንላቸው፣ «ወደይ፣ እርሱ የጠየቀኝ ስለ ዘሬ ነው እንጂ ስለ ልጄ መቼ ጠየቀኝ? የእርስዋ ጉበት ከወንድሟ እጅ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው መለሱልን።

እኛም የሚያገናኘውን አናውቅም ነበር። ቢሆንም በዚያው ማታ ለሐኪሙ በስልክ ነገርናቸው። ሐኪሙ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ነገ ሁለቱንም ልጆች ይዛችሁ ኑ» አሉ። በማግሥቱ የልጁ ዐይን ሲመረመር ቀለበቱ ታየ። የደሙና የሽንቱ ምርመራም ያንኑ መሰከረ። ከሁለት ወር በፊት የተነሣው ሥዕል ያው ነበረ፤ አንድም መስመር አልተለወጠበትም። ያን ጊዜ ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል የተባለው ለውጥ አሁን ስም አገኘ። የታናሽ እኅቱም ደም ተመረመረ፤ ያው ሕመም በእርስዋም ተገኘባት። ምንም ሳይሰማት መድኃኒቱን ጀመረች። ልጁም ታከመ። ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እጁ ግን እንደ ቀድሞው ብዕር ለመያዝ አልበቃም። ከሁለቱ ወራት የትኛው ቀን ምን ያህል እንደ ወሰደበት የሚያውቅ የለም።

አማርኛ ለምትማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ታሪክ የምናካፍላችሁ አንድ የቋንቋ ምክር አለን። «ዘር» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ብዙ ፍች አለው፤ የእህል ዘር፣ የቤተ ሰብ ዘር፣ የነገድ ዘር ይባላል። ነገር ግን ለሰው «በዘርህ በሽታ አለ ወይ?» ሲባል፣ የሚሰማው የሕክምና ጥያቄ ሳይሆን ጋብቻ የሚያስከለክል ነውር ነው። ቁምጥና በተሕዋስ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ብዙ ዘመን በዘር የሚወረስ ስለ መሰለ፣ ስንት ቤት ያለ ጥፋቱ ተለይቶ ኖሯል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ «ከእናትዎና ከአባትዎ ወገን እንዲህ የታመመ ሰው ነበረ? በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ የሞተ ወንድም ወይም እኅት አለ? በምን ታሞ ነበር?» ጥያቄው አንድ በአንድ ሲሆን መልሱም አንድ በአንድ ይመጣል። አዛውንትን «አንተ» አትበሉ፤ በሰው ፊትም አትጠይቁ፤ ቢቻል ቡና እስኪፈላ ታገሡ።

ለቤተ ሰብ ደግሞ የምንለው ይህ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት መቍጠር እናውቃለን። ይህ ልማድ ጥቅም አለው። እንደ ዊልሰን ያለው ሕመም የሚወጣው ልጁ የተበላሸውን ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው፤ የቅርብ ዘመዶች ሲጋቡ ይህ የመሆኑ ነገር ይበዛል። በሱዳን ብዙ ቤተ ሰቦች የአጎትን ልጅ ማግባት የተከበረ ልማድ ስለ ሆነ፣ የካርቱም ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ሕመሞች በቅርብ ሊያዩአቸው ችለዋል። ዳሩ ግን ሰባት ቤት የቈጠረ ሁሉ ከሕመም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የእኛዋ እናት ምስክር ናቸው። የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ያንኑ ዘረ መል ሳያውቁት ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። እንደ ሀንቲንግተን ያለውን ደግሞ አንድ ወላጅ ብቻውን ስለሚያወርሰው ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቈጠር አያስቀረውም። ስለዚህ ቈጠራው ለጋብቻ ብቻ መሆኑ ይቅርና ለጤናም ይሁን። አያት ማን ነበሩ? በስንት ዓመታቸው ሞቱ? ምን ታመሙ? በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በቤት ይቀመጥ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው አንድ ታሪክ ትዝ ይለናል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደ ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታችን ሁለቱንም አልከሰሰም። የሚወረስ ሕመም በደል አይደለም፤ ያወረሰም ሰው ወንጀለኛ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌ አማርኛም ትግርኛም ይናገሩታል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሐኪም ቤቶች ሥራቸውን አቋረጡ፤ መሣሪያዎቹም ጠፉ ወይም ተበላሹ። ሕዝቡም በየአቅጣጫው ተሰደደ። እናቲቱም ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ከቤታቸው ዕቃ ሲያነሡ ከልብስ በፊት ያነሡት የልጃቸውን የአንጎል ሥዕልና፣ የበሽታውና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ነበር። በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙት። በመተማ አንድ ወጣት የጤና ባለ ሙያ በአማርኛ፣ «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዝም አላሉም። በሚያውቁት ጥቂት አማርኛ ከሞተችው ልጃቸው ጀምረው ነገሩት። መድኃኒቱ ለልጆቹ የተቋረጠው ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደ ነበረ በስልክ ነገሩን።

በዚያ ስልክ መጨረሻ ላይ እናቲቱ፣ «ወደይ፣ ወረቀቱ ላይ የልጄን ስም ጨምርልኝ። የሞተችውን። እርስዋ ናት የነገረችን» አሉን። እኛም ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ በማናቸውም ቦታ ስናስተረጕም «ዘር» የሚለውን ቃል ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት እናስባለን።